«ሐኪም ነኝ» ያለው አስታማሚ እና ያልተሰጠው የምሽት መርፌ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ የሁለተኛ ዓመት ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የማታ ተረኛ ሆኜ ሳለ በልብ ድካም የተኙ፣ ከሊሙ ገነት የመጡ እናት ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነኝ ያለ ሰው ገባና ‹ሐኪም ነኝ፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፤ አሁን ከአዲስ አበባ መድረሴ ነው፤ ካርዷን አሳዪኝ› አለኝ። አሳየሁት። የደም ግፊታቸው 90/60 መሆኑን ሲያይ ‹በዚህ ግፊት ላሲክስ ይሰጣል እንዴ? ልትገያት ነው? እሱን ተዪና አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ስቀይላት› ብሎ ጮኸብኝ። ፈሳሹን (የጨው ውሃውን) አልሰቀልኩም፤ ላሲክሱን (ትርፍ ውሃን በሽንት የሚያስወጣውን መርፌ) ግን ሳልሰጥ ቀረሁ። ተረኛ ሐኪሙ ድንገተኛ ክፍል ተወጥሮ ስለነበር አልደወልኩለትም። ሲነጋ እናቲቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ተገኙ፤ በራውንድ (በሐኪሞች የጠዋት ጉብኝት) ላይ ሰው ሁሉ ፊት ተወቀስኩ። በኋላ ስሰማ ሰውየው በጤና መኮንንነት ተመርቆ ለብዙ ዓመታት ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ሰው እውነተኛ ሐኪም መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ? መታወቂያ መጠየቅ መብቴ ነው? ጥፋቱስ የኔ ነው?»

ጥያቄሽን የጀመርሽው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። ሰውየው ባያታልለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ያልሽ ይመስላል። እስቲ ነገሩን ገልብጪው፤ ያለው ሁሉ እውነት ቢሆንና ሃያ ዓመት የልብ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ስፔሻሊስት ቢሆን፣ ያን ምሽት ያደረግሽው ትክክል ይሆን ነበር? አይሆንም። ላሲክሱን ያዘዘው የክፍሉ ሐኪም ነው፤ ማቆም የሚችለውም እሱ ወይም በእሱ ቦታ የተተካው ተረኛ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ስፔሻሊስት ጅማ ላይ ከአክስቱ አልጋ አጠገብ ሲቆም አስታማሚ ነው። ዕውቀቱ አብሮት ተሳፍሮ ይመጣል፤ የማዘዝ ሥልጣኑ ግን ከሚሠራበት ሆስፒታል በር አይወጣም። ስለዚህ «እውነተኛ ሐኪም ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ አንቺ ልታደርጊው የሚገባሽ ያው ነው።

መታወቂያ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም። ግን አይጠቅምሽም። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሰውየው የት እንደሚሠራ እንጂ የሙያ ፈቃዱ የታደሰ ይሁን ያልታደሰ አይናገርም። ፈቃድ ማጣራት የተቆጣጣሪው አካል ሥራ ነው፤ በሌሊት ተረኝነት ብቻዋን ብዙ አልጋ የምትጠብቅ ነርስ ሥራ አይደለም። የባሰው ደግሞ፣ መታወቂያ ጠይቀሽ እሱም ካሳየሽ በኋላ ራስሽን አስረሻል። «አሳየሁሽ አይደል? እንግዲያ ያልኩሽን አድርጊ» ይልሻል፤ አንቺም መልስ ታጫለሽ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ በመታወቂያ የሚወሰን መሆኑን ራስሽ ተቀብለሻል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በሕክምና ቃላት እየጠየቁ ሊፈትኑት ይሞክራሉ። ይህንንም አልመክርም። ያልተማረው በቃላት ሊያመልጥሽ ይችላል፣ የተማረው ይዋረዳል፤ የታማሚዋ አልጋ አጠገብም የፈተና አዳራሽ ይሆናል።

ጥፋቱ የማን ነው ላልሽው፣ በከፊል ያንቺ ነው፤ ግን ያንቺ ጥፋት አንቺ በምታስቢው ቦታ አይደለም። ሰውየው ያነሣው ነጥብ ባዶ አልነበረም። 90/60 እሱ ከመምጣቱ በፊት በእጅሽ የጻፍሽው ቁጥር ነው፤ ማንም ባይጮህብሽም ያ ቁጥር ስልክ ሊያስነሣሽ ይገባ ነበር። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግፊቱ ዝቅ ሲል ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ለአንዳንዱ የለመደው ግፊት ነው፤ ከእነ መድኃኒቱ በ90 እየኖረ ደህና ነው። ሌላው ብዙ ሸንቶ ደርቆ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ልቡ መግፋት አቅቶት ሳንባው ውሃ እንደሞላ ግፊቱ እየወረደ ነው፤ ይህኛው ከሁሉም አስፈሪው ነው። የሦስቱም ሕክምና ይለያያል። የሚለዩትም አንቺ አልጋው አጠገብ ቆመሽ በምታገኚው ነገር ነው፤ እጅና እግራቸው ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ፣ ከቀን ጀምሮ ስንት ሸኑ፣ የጠዋቱ ግፊት ስንት ነበር፣ ክብደታቸው ከትናንት ቀነሰ ወይስ ጨመረ፣ ትራስ ሳይደራረብላቸው መተኛት ችለዋል? ሰውየው ይህን ሁሉ ሳያይ ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ፈረደ። ሳንባዋ ውሃ ለያዘ እናት አንድ ሊትር ሳላይን ማለት በራሷ ደረት ውስጥ ማስመጥ ሊሆን ይችላል። ያን አለማድረግሽ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እየጮኸብሽ ሳለ እጅሽን መሰብሰብሽን አደንቃለሁ።

መድኃኒት ለጊዜው ሳይሰጡ ይዞ ሐኪም ማማከር የነርስ ሙሉ ኃላፊነት ነው። ጥርጣሬ ያደረብሽን መርፌ አለመስጠት ትችያለሽ፤ አንዳንዴም ግዴታሽ ነው። ነገር ግን የያዝሽውን መድኃኒት ለሐኪሙ ሳትነግሪ ሌሊቱን ማሳለፍ ሕክምናውን መቀየር ነው። አንቺ ያን ምሽት ሳታውቂው ትእዛዝ ሰጥተሻል፤ ትእዛዙም የአስታማሚው ነበር። ተረኛው ድንገተኛ ክፍል ተወጥሮ ነበር ያልሽው እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስኖር ያልተወጠረ ተረኛ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ይደወላል። ካላነሣ ለኢንተርኑ (በልምምድ ላይ ላለው ሐኪም)፣ ለሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ ለሚማረው ሐኪም)፣ ከዚያም ለበላያቸው ይደወላል፤ ለተረኛ የነርስ አስተባባሪ ይነገራል፤ ካልሆነም ሰው ይላካል። የደወልሽበት ሰዓትም ይጻፋል።

ስትደውዪ ደግሞ «ዶክተር፣ አንድ አስታማሚ አስቸገረኝ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ከተባለ ሐኪሙ የሚሰማው ስለ ጠብ ነው፤ «ጥበቃ ጥሪ» ብሎሽ ይዘጋል። ጉዳዩ የእናቲቱ ነውና ከእሳቸው ጀምሪ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 7፣ በልብ ድካም የተኙት እናት። የ12 ሰዓቱ ላሲክስ 40 ሚሊግራም ደርሷል። ግፊታቸው አሁን 90/60 ነው፤ ጠዋት 110/70 ነበር። እጃቸው ሞቃት ነው፣ የደም ኦክስጅናቸው 91 በመቶ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሸኑት 300 ሚሊ ሊትር ነው። ሐኪም ነኝ የሚሉ ዘመድ መድኃኒቱ እንዲቆምና ፈሳሽ እንዲሰጥ ጠይቀዋል፤ አልሰጠሁም። ላሲክሱን ልስጥ፣ ልያዝ ወይስ መጥተው ያዩአቸዋል?» ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው። «ሐኪም ነኝ የሚሉ» የምትለውን አባባል ግን አጥብቀሽ ያዢ። እውነት ነውም ውሸት ነውም አላልሽም፤ የሰማሽውን እንደሰማሽው አስተላለፍሽ። በነርስ ማስታወሻም ላይ የሚሰፍረው በዚሁ መልክ ነው። «ዶክተር እገሌ እንዲቆም አዘዙ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ነገ ካርዱን የሚያገላብጥ ሰው ትእዛዝ እንደነበረ አድርጎ ያነበዋል።

ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉም ማወቅ አለብሽ፤ አለዚያ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እንደ አታላይ ማየት ትጀምሪያለሽ። ጅማ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1975 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ጀምሮ ስንት ሐኪም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የላብራቶሪ ባለሙያ እንደወጣ አስቢ። ከአጋሮም ይምጣ ከሰቃ፣ ከዴዶም ይምጣ ከሰርቦ፣ በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ «ጤና የተማረ» አንድ ሰው ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ አብዛኞቹ ከባዶ ተነሥተው አይዋሹም፤ ያላቸውን ያስረዝማሉ። ቋንቋችንም ያግዛቸዋል። «ዶክተር» የምንለው ሰው የሚያክመውንም፣ የእንስሳት ሐኪሙንም፣ በታሪክ ሦስተኛ ዲግሪ የያዘውንም ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። አሥር ዓመት «ዶክተር» ሲባል የኖረ ጤና መኮንን ሐኪም ነኝ ሲል ለራሱ ውሸት ላይመስለው ይችላል። ያልሆነውን «ስፔሻሊስት ነኝ» ማለቱ ግን ውሸት ነው፤ ለዚያ ሰበብ አልሰጠውም።

ሌላው ነገር ኮሪደሩ ነው። አንድ ሰው ሲታመም የሚመጣው ዘመድ ብቻውን አይመጣም፤ ፍራሽና ምግብ ይዞ፣ ጎረቤት ጭምር አስከትሎ ግቢው ውስጥ ይሰፍራል። ከመካከላቸው የተማረውን «አንተ ግባና ጠይቅ፤ አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ይልኩታል። ያ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይችልም። በዚህ ሰዓት ካንቺ የሚፈልገው ለእነሱ ይዞት የሚወጣ ቃል ነው። ካላገኘ ቢያንስ «ነርሷን ተቆጥቼ መድኃኒቱን አስቀየርኩ» ብሎ መውጣት አለበት። ይህን ካወቅሽ ግማሹ ጠብ እዚያው ይበርዳል፤ በታማሚዋ ፈቃድ ለኮሪደሩ የሚሆን እውነተኛ ነገር ስጪው። «ግፊታቸው ዝቅ ማለቱን እኛም አይተናል፤ ለሐኪሙ አሁን እየደወልኩ ነው፤ መልሱን እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እነግርዎታለሁ» ብትይው ይዞት የሚወጣው አገኘ። በቀጠርሽው ሰዓት ደግሞ መልሱ ባይመጣም ሄደሽ «ገና እየጠበቅን ነው» በይው።

ይህን ስናገር በራሳችን ቤት ያለውንም ልንገርሽ። «ባለሙያ ነኝ» የሚለው ቃል የሚሠራው እኛ እንዲሠራ ስላደረግነው ነው። ተራው አስታማሚ «እናቴ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «ደህና ናት፣ ውጪ ጠብቅ» እንለዋለን። «የሥራ ባልደረባችሁ ነኝ» ያለው ግን ወንበር ይሳብለታል፣ ካርድ ይገለጥለታል፣ ከጠያቂ ሰዓት ውጭ ይገባል። ሰው ደግሞ በሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ቶሎ ይለያል። ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ ለባለሙያውም ከጠዋቱ ራውንድ በኋላ ያንኑ አጭር መግለጫ የሚሰጥ ክፍል ውስጥ ቁልፉ ዋጋ ያጣል። ይህ ያንቺ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ለሄድ ነርስሽ፣ ግን ልታነሺው ይገባል።

ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሲያስታምም የከረመው ልጅ ዝም ብሎ ሳለ፣ ዛሬ የደረሰው ሁሉም ይቀየር ይላል። ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና መጽሔት «ከካሊፎርኒያ የመጣችው ልጅ» በሚል ስያሜ ይህንኑ ጠባይ ገልጾታል። ከሩቅ የመጣው ሰው ጩኸት ውስጥ ብዙውን ጊዜ አለመኖሩ የፈጠረበት ጸጸት አለ። «እስካሁን እንዴት እንደነበሩ ላስረዳዎት» ብለሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በአጭሩ ብትነግሪው፣ ያመለጠውን ስለሰጠሽው ድምፁ ሲወርድ ታያለሽ።

እውነተኛው ባለሙያም ይሳሳታል። የተማረው ነገር ሊያረጅ ይችላል። ጅማ ላይ ለከባድ ወባ «ለምን ኩዊኒን አልተሰቀለም?» ብለው የሚቆጡ አንጋፋ ባለሙያዎች ገጥመውኛል። በእነሱ ዘመን ትክክል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአዋቂዎች ከ2006 እ.ኤ.አ.፣ ለሕፃናት ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት እንዲቀድም መክሯል፤ ብዙ ነፍስ የሚያተርፈው እሱ ስለሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ማሳፈር አያስፈልግም፤ «አሁን መመሪያው ተቀይሯል፣ ሐኪሙ ያስረዱዎታል» ይበቃል።

በሌላው በኩል ደግሞ የኔ ጥፋት አለ፤ ይህን የምነግርሽ አንቺም እንዳትደግሚው ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወንድሟን ታስታምም ነበር። አምፒሲሊን ልወጋው ስል «እኔም ባለሙያ ነኝ፤ ይህ መድኃኒት ባለፈው ገላውን አሳብጦታል፤ ቆይ!» አለችኝ። አነጋገሯ ቆረቆረኝ። በካርዱ ላይ ስለ አለርጂ የተጻፈ ነገር አልነበረም። «እኛ የምንሰጠውን እናውቃለን» ብዬ ሰጠሁት። ደቂቃዎች አልቆዩም፤ ሰውነቱ ተንደበደበ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። ግማሽ ሚሊግራም አድሬናሊን ጭኑ ጡንቻ ላይ ተወግቶ፣ ኦክስጅንና ፈሳሽ ተሰጥቶት ተረፈ። እኅቱ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ያን ቀን የሰማሁት «ባለሙያ ነኝ» ያለችውን ብቻ ነበር፤ ስለ ወንድሟ የነገረችኝ ነገር ጆሮዬ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለይቼ መያዝ ተማርኩ። ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረውን ለጊዜው አስቀምጪው፤ ስለ ታማሚው የሚናገረውን ግን ሁልጊዜ አጣሪ። የመድኃኒት አለርጂ፣ ቤት ውስጥ ሲወሰድ የነበረ መድኃኒት፣ «ከትናንት ጀምሮ ሁኔታዋ ተለውጦብኛል» የሚል ቃል፤ እነዚህ ከሐኪምም ይምጡ ከቡና ለቃሚ እኩል ይመዘናሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ባለሙያው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከራሳችሁ ሆስፒታል የመጣ ሲሆን ነው። የቀዶ ሕክምናው ሬዚደንት አክስቱ አንቺ ክፍል ተኝተዋል እንበል። ታውቂዋለሽ፤ ነገ ሌላ ታካሚ ላይ አብራችሁ ትሠራላችሁ። ጋውኑን እንደለበሰ ገብቶ ካርዱን ያነሣል፣ እስክሪብቶውን ያወጣል። ፈቃድ አለው፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው፣ ታዲያ ምን ይጎድለዋል? የጎደለው ይህች ታማሚ የእሱ ታካሚ አለመሆኗ ነው። ዘመዱ ናት፤ ልቡ ያስፈራዋል ወይም ተስፋ ያስይዘዋል፤ ዓይኑ እንደ ሌላ ጊዜው አያይም። በእሱ እጅ የተጻፈ ትእዛዝ ደግሞ የሚያክማትን ቡድን ያምታታል። እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ እሳቸውን የያዙት ዶክተር እገሌ ናቸው። አሁን እንደውልላቸው፤ እርስዎ በስልክ አነጋግሯቸው፤ የሚወስኑትን እሳቸው ይጻፉ።» ቅር ሊለው ይችላል። ግን መንገድ ከፈትሽለት እንጂ አልዘጋሽበትም። ጽፎ ከሆነም መድኃኒቱን ከመስጠትሽ በፊት ለሚያክማቸው ሐኪም ደውለሽ አረጋግጪ። ለትልቅ ሰው ወይም ለባልደረባ ዘመድ ተብሎ የተለመደው አሠራር ሲዘለል የሚጎዳው ታማሚው መሆኑ በሕክምናው ዓለም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም ወጥቶለት ሲጻፍ የኖረ ጉዳይ ነው። የካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚሰካው ቱቦ) መቀየሪያ ቀን «እንዳይከፋቸው» ተብሎ ያልፋል፤ ምርመራው «እንዳናስቸግራቸው» ተብሎ ይቀራል።

ካርዱን ማሳየትሽ ሁለተኛው ስሕተትሽ ነው፤ በራውንድ ላይ ያላነሡብሽ ቢሆንም ከላሲክሱ አይተናነስም። ካርዱ ውስጥ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት፣ የእርግዝና ታሪክ፣ ለዘመድ ያልተነገረ ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል ሲያደርግ ነርሶችንም ያካትታል፤ ምስጢሩ የተነገረው ሰው ሐኪም መሆኑ ብቻውን አያድንሽም። መፍቀድ የምትችለው ታማሚዋ ናት። አእምሯቸው ንቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ከሆነ መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ሰውየው ራቅ ባለበት «እኚህ የወንድምዎ ልጅ ስለ ሕመምዎ ቢነገራቸው ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቢፈቅዱም መረጃው በሐኪሙ ወይም በአንቺ አንደበት ይነገራል እንጂ ካርዱ ተገልጦ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ጅማ የራሷ የሆነ ወጥመድ አላት። እናቲቱ ከሊሙ ገነት ናቸውና የሚቀናቸው ኦሮምኛ ይሆናል። አንቺ ኦሮምኛ የማትችዪ ከሆነ፣ ሳታስቢው ያን ሰው አስተርጓሚ አድርገሽዋል ማለት ነው። ባለሙያ ነኝ የሚል አስተርጓሚ ደግሞ የሚተረጉመውን ይመርጣል። እናቲቱ «ትንፋሽ አጠረኝ» ያሉትን እሱ «ደክሟት ነው» ይለዋል፤ ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል» ያሉትን «ትንሽ ብርድ ነው» ብሎ ያስተላልፈዋል፤ እንዳትደነግጥ ብሎ፣ በቅን ልብ። ፈቃድ የምትጠይቂበትና የሕመም ስሜት የምትጠይቂበት ጊዜ ኦሮምኛ የሚችል የሥራ ባልደረባ ጥሪ፤ ጅማ ላይ ይህን የሚያደርግልሽ ሰው አታጪም። ከከፋና ከየም አካባቢ ለሚመጡትም እንደዚሁ አፈላልጊ።

አሁን ጥንቃቄዎቹን ልንገርሽ፤ እነዚህ ላይ ድርድር የለም። የተሰካ ነገር ላይ የአስታማሚ እጅ አያርፍም። ለዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናት የደም ኦክስጅናቸው ከ88 እስከ 92 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲቆይ ታስቦ ዝቅ ተደርጎ የተለካውን፣ «ባለሙያ» ዘመድ «አነሰ» ብሎ ሌሊት ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለች እናት በብዙ ኦክስጅን እየደነዘዘች ልትሄድ ትችላለች። ከውጭ ፋርማሲ ተገዝቶ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ በስሙ፣ በመጠኑ፣ በማብቂያ ቀኑ ሳይመረመር አይሰጥም፤ «የታዘዘው ስለሌለ የተሻለውን አመጣሁ» የሚል ፋርማሲስት ዘመድ ቢኖርም ሐኪሙ ሳያይ አይገባም። «በዚሁ መስመር አብረሽ ልቀቂው» የሚልሽንም አትስሚ፤ ሴፍትሪያክሶን (የፀረ ባክቴሪያ መርፌ) በሪንገር ላክቴት (ካልሲየም ያለበት የደም ሥር ፈሳሽ) መስመር ውስጥ ሲገባ ከካልሲየሙ ጋር ደለል ይሠራል፤ በአራስ ሕፃናት ላይ ሞት እስከማስከተል የደረሰ ነገር ነው። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ለራሳችን ነው፤ ሥራ ሲበዛብን «አንተ ባለሙያ አይደለህ፣ ይህን መርፌ ስጥልኝ» እንላለን። ይህን ካደረግሽ በኋላ ነገ «አትንካ» ልትዪው አትችዪም። ለመርዳት የሚፈልገውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሽንት ለክቶ መመዝገብ፣ ቀና አድርጎ ማብላት አሳዪው፤ ክፍሉ የሚያስፈልገው እጅ ይህ ነው፤ እሱም ጥቅም እንዳለው ሲሰማው ጩኸቱ ይቀንሳል። በስትሮክ የተኛ ሰው ግን መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ አጥሚት በአፉ እንዳይሰጠው አስጠንቅቂው፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

ያንቺም አቅም ልክ አለው። ሰውየው ካስፈራራሽ፣ እጁን ካነሣ፣ መድኃኒት ከእጅሽ ከነጠቀ ወይም ሌሎች ታካሚዎችን በስልኩ መቅረጽ ከጀመረ ነገሩ ከማስረዳት አልፏል፤ ከክፍሉ ወጥተሽ ጥበቃና አስተባባሪ ጥሪ። «ለዳይሬክተሩ እደውላለሁ» ካለሽ ይደውል። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ደቅኖ ሌላ ሰው እንዲያዝሽ ካደረገ ግን ትእዛዝ አትቀበዪ፤ የቃል ትእዛዝ የሚወሰደው ከሚያክማቸው ወይም ከተረኛው ሐኪም ብቻ ነው፤ ደግመሽ አንብበሽለት፣ ሰዓቱን ጽፈሽ፣ በኋላ እንዲፈርምበት አድርገሽ።

ለዛሬ የማዝሽ ይህን ነው። የመድኃኒት መስጫ ቅጹን እዪው። ያልተሰጠው መርፌ እንደተሰጠ ተደርጎ ተፈርሞበት ከሆነ ወይም ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ሳትሰርዢና ሳትደልዢ ዛሬ የምትጽፊበትን ቀንና ሰዓት አስፍረሽ «በዚህ ቀን የ12 ሰዓቱ ላሲክስ አልተሰጠም፤ ግፊት 90/60 ነበር፤ ዘመድ እንዳይሰጥ ጠይቀዋል፤ ለሐኪም አልተነገረም» ብለሽ ጻፊ። የመጨረሻዋን ሐረግ መጻፍ ያማል፤ ቢሆንም ጻፊያት። ለሄድ ነርስሽ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያት፤ ሆስፒታሉ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ካለው ሙዪ። ከሐኪሙም ጋር ተነጋግረሽ ለልብ ድካም ታካሚዎች «ግፊት ከዚህ ሲወርድ ላሲክስ ከመስጠት በፊት ደውሉ» የሚል ቁጥር በትእዛዙ ላይ እንዲያሰፍር ጠይቂው፤ ያ ቁጥር ካርዱ ላይ ቢኖር ያን ምሽት ከሰውየው ጋር የሚያከራክርሽ ነገር አይኖርም ነበር።

ሰውየው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ አክስቱ ገና ተኝተዋል። ሲገባ አትሽሺው፣ ስለ ማዕረጉም አታንሺ። ብድግ ብለሽ ሰላም በዪውና «አክስትዎ ስለ ሕመማቸው እንዲነገርዎት ፈቅደዋል፤ ሐኪማቸው ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ራውንድ ላይ ናቸው፤ ጥያቄዎን ይዘው ይምጡ፣ እኔም እኖራለሁ» በይው። ካልፈቀዱ ደግሞ «እሳቸውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው» በይውና ወደ ሥራሽ ሂጂ።